የአያና ድርሻ

ከወንድሜ ከፍቃዱ ጋር ያሳለፍኳት የመጨረሻዋ ተራ ቀን ረቡዕ ነበረች። ግንቦት ወር፣ 1980 ዓ.ም.። ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ካለው ቤታችን አብረን ወጣን። መንገድ ላይ አንድ የጉራጌ ባለ ሱቅ ፍቃዱን ጠርቶ ያ ሣጥንህ፣ ኮምፒዩተሩን ማለቱ ነው፣ ክረምቱ መቼ እንደሚገባ አልነገረህም ወይ ብሎ ቀለደበት። ፍቃዱም «እሱ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው፤ እንዳንተ ከራሱ አይጨምርም» አለው። ሳቅን። ቢሮ ስንደርስ ጃኬቱን ሚስማር ላይ ሰቀለና ጥጥ በአልኮል ነክሮ የኮምፒዩተሩን የዲስክ ማስገቢያ ማጽዳት ጀመረ። ከዚህ በላይ ስለዚያች ጠዋት የማስታውሰው የለኝም። ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ ልጅ ነበርኩ። አንድ ዓመት ቤት ተቀምጬ ነበር። ፍቃዱ ለኃላፊው ለምኖልኝ በቀን ሠራተኛነት ገባሁ። ሥራዬ ከጤና ጣቢያ የሚመጣ መዝገብ ኮምፒዩተር ላይ መገልበጥና የአሠራር መመሪያዎችን በእጄ እየጻፍኩ ወደየከተማው መላክ ነበር። ጽሕፈቴ ጥሩ ነው ይባላል።

ቢሮው በወባ መከላከል ላይ የሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክት ነበር። አራት ኮምፒዩተሮች ነበሩን። አራቱም ሌላ ቦታ አገልግለው፣ የተሻለ ሲመጣ ወደ እኛ የተገፉ ናቸው። ሃርድ ዲስክ የላቸውም። ሁለት የዲስክ ማስገቢያና አረንጓዴ ፊደል የሚጽፍ ስክሪን፣ ያ ብቻ ነው ያላቸው። መብራት ከጠፋ ሁሉንም ነገር ይረሳሉ። ቀኑን ሳይቀር ይረሱና ገና ሲነሱ ዛሬ ስንት ነው ብለው ይጠይቃሉ።

በዚህ ዕቃ ፍቃዱ የሚሠራው ሥራ ይህ ነበር። የሚረጨው መድኃኒት ለሁሉም መንደር አይበቃም። የትኛው ቀድሞ ቢረጭ ነው ብዙ ሰው የሚተርፈው? ኮምፒዩተሩ ከየመንደሩ የመጣውን የሕሙማን ቁጥር ይዞ አንዱን ቅደም ተከተል ይሞክራል፣ ያሰላል፣ ይተውና ሌላ ይሞክራል። ማለቂያ የለውም። አንዱ ማሽን ብቻውን ቢይዘው ክረምቱ ገብቶ ይወጣል። ስለዚህ ፍቃዱ ሥራውን ቆራርጦ አከፋፈለው። ሁለቱ ማሽኖች ነቀምቴ፣ አንዱ ጊምቢ፣ አንዱ አያና ሆነው እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ይሠራሉ። የሚያገናኛቸው ሽቦ የለም። ሽቦው አውቶብስ ነው። ውጤቱ ዲስክ ላይ ተቀድቶ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ ለሹፌር ይሰጣል።

ፕሮግራሙን ዳዶ ብሎ ሰየመው። ዳዶ በእኛ አገር ገበሬዎች ተሰባስበው በየተራ አንዱ የሌላውን ማሳ የሚሠሩበት ወግ ነው። የሁሉም ድርሻ ሲደርስ ነቀምቴ ያለው ማሽን ያዋህደዋል። ከአንድ ማሽን ሁለት ድርሻ ከመጣለት ቀናቸውን አይቶ አዲሱን ይወስዳል፤ አሮጌውን ይጥላል።

የጊምቢው ድርሻ በሰላም ገባ። የአያናው ግን ሁለት ጊዜ ተልኮ ሁለቴም ማሽኑ አልቀበልም አለ። ይህ አሮጌ ነው እያለ፣ ባለፈው ነሐሴ ፍቃዱ ራሱ አያና ሄዶ ለሙከራ የሠራውን ይወስዳል። በነሐሴው ሙከራ ደግሞ ከአንገር ወንዝ ማዶ ያሉት የሰፈራ መንደሮች ቁጥራቸው ገና አልገባም ነበር። እነሱ ከሌሉበት ዝርዝሩ ኡኬንና መንገድ ዳር ያሉትን ከተሞች አስቀድሞ መድኃኒቱን እዚያው ይጨርሳል።

ያን ረቡዕ ከሰዓት ኃላፊያችን ኦቦ ኢተፋ ገብቶ ቆመ። ደግ ሰው ነው፤ ግን የሚፈራ ሰው ነው። የርጭት መኪኖቹ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት እንደሚወጡና ከዚያ በኋላ እንደማይጠብቁ ነገረን። አዲሱ ዝርዝር ካልደረሰ በአሮጌው ይሄዳሉ። ፍቃዱ ወደ አያና ስልክ ሞከረ። መስመሩ ከተቋረጠ ሰንብቷል። ከዚያ «ሰይድ የተሳሳተ ዲስክ እየላከ ይሆናል፣ ሄጄ አየዋለሁ» አለ። ሰይድ አያና ያለውን ማሽን የሚያሠራው የጤና ረዳት ነው። ከወሎ በሰፈራ የመጣ፣ ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ከአንገር ማዶ መንደር ሰባት ያሉ ሰው ነው።

እኔ ልሂድ አልኩት።

«አንተ መዝገቡን ጨርስ» አለኝ። «አርብ እመለሳለሁ።»

ሐሙስ ሄደ። አርብ ከአያና ሲመለስ የተሳፈረበት እህል የጫነ መኪና ኡኬን አልፎ ዳገቱ መሐል ፍሬን እምቢ አለው። ወደ ኋላ ተንሸራቶ ገደል ገባ። ሹፌሩ ተርፏል። ፍቃዱ አልተረፈም። ይህን ደጋግሜ ጽፌ ደጋግሜ ሰርዣለሁ፤ ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

ቅዳሜ ቀበርነው። ከቀብር ስንመለስ አንድ ፖሊስ ጃኬቱን አመጣልኝ። የውስጥ ኪሱ ውስጥ ካርቶኑ ነበር፤ ካርቶኑ ውስጥ ዲስኩ። ለሁለት ታጥፎ ተሰንጥቋል። ኦቦ ኢተፋ አጠገቤ ቆሞ አየው። ዋቅኒ ያጽናህ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ ማለቱ ነው፣ ካለኝ በኋላ፣ ስለ ዝርዝሩ አታስብ፣ በአሮጌው ይሄዳሉ አለኝ። ሊያሳርፈኝ ብሎ ነው። እኔን ግን ያን ጊዜ ነው የጎዳኝ። ፍቃዱ ሄዶ የሞተለት ነገር ከእሱ ጋር ሊቀበር ነው ማለት ነው።

እሑድ ጠዋት ሰይድ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አንገቱን ደፍቶ ገባና እናቴ ፊት ተንበርክኮ እጇን ሳማት። ሰው ሁሉ ማን ነው ይላል። ጥቂት ካለቀሰ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ብርሃኑ ማለት አንተ ነህ? ሰይድ ነኝ፣ ከአያና» አለኝ በዝግታ።

«አዎ፣ ጋሽ ሰይድ።»

«ቅጂው እኔ ጋ አለ።»

አልገባኝም ነበር። ሸማውን ገልጦ ደረቱ ላይ በጨርቅ የታሰረ ነገር አሳየኝ። ፍቃዱ ማንም ድርሻውን ሲልክ አንድ ቅጂ እንዲያስቀር ሁልጊዜ ያዝዝ ነበር። ሰይድ መርዶውን ቅዳሜ አያና ሰምቶ፣ ቅጂውን ደረቱ ላይ አስሮ፣ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግሩ መጥቷል።

ተነሣሁ። ቢሮ ደርሼ ልመለስ ብዬ ለእናቴ በጆሮዋ ነገርኳት። አክስቴ እትዬ ብርቄ ሰማችኝ። ከኡኬ ልጆቿን ይዛ ለለቅሶ የመጣች ናት።

«ሠልስቱ ሳይወጣ? የወንድሙ አፈር ሳይደርቅ ቢሮ የሚሄድ ልጅ የት አገር ነው ያለው?»

በእኛ ዘንድ የሟች ወንድም በሦስት ቀን ውስጥ ለሥራ ከለቅሶ ቤት አይወጣም። እንኳን ቢሮ፣ ገበያም አይወጣም። እናቴ አቀርቅራ ቆየች። ስትከፋ ወደ ኦሮምኛዋ ነው የምትመለሰው። ቀና ሳትል «ዴሚ» አለች፤ ሂድ ማለቷ ነው።

ከሰይድ ጋር ሄደን የቢሮውን ቁልፍ ከዘበኛው ተቀበልን። ማሽኑን አስነሣሁ፤ ቀኑን ሲጠይቀኝ ፍቃዱ ግድግዳው ላይ ከለጠፈው የፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ አይቼ መለስኩለት። የሰይድን ዲስክ ከተትኩ። ዲስኩ እየተንጫጫ ዞረ። ደቂቃ አልሞላም። የአያና ድርሻ አሮጌ ነው፣ የነሐሴውን ወስጃለሁ ብሎ ጻፈ።

«ምን አለ?» አለ ሰይድ። እንግሊዝኛው አይገባውም።

«አሮጌ ነው አለ።»

«ሐሙስ ነው የጨረስኩት! ፍቃዱ ራሱ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አይቷል። ‹ዲስኩስ ልክ ነው፣ ታዲያ ምን ሆኖ ነው?› እያለ ነው መኪና ላይ የወጣው።»

ወንድሜ መልሱን ሳያገኝ ነው የሞተው ማለት ነው። ዲስኩን አውጥቼ እንደገና ከተትኩት፤ ያንኑ ጻፈ። ሰይድ አይቶኝ መሰለኝ፣ እስቲ ቁጥሮቹን በሌላኛው ማሽን ልክፈትልህ ብሎ ተነሣ። ከኪሱ ብዙ ጊዜ ከመታጠፍ የሳሳ ወረቀት አወጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። መስመር በመስመር በጣቱ እየተከተለ ማሽኑን አስነሣው። ማሽኑ ቀኑን ጠየቀው። ሰይድ ዘጠኝ፣ ሃያ አንድ፣ ሰማንያ ብሎ መታ። ማሽኑ ተቀበለው።

«ቆይ» አልኩ። «ምንድን ነው የጻፍከው?»

«ቀኑን ነዋ። ግንቦት ሃያ አንድ።»

«የእኛን?»

«የማንን ልጻፍ ታዲያ?»

እሱ ስህተት የሠራ አልመሰለውም፤ እንዲያውም ሊያስረዳኝ ሞከረ። «በነሐሴ፣ ሰባ ዘጠኝ ስለው እምቢ ብሎኝ ነበር። ያኔ ፍቃዱ ሌላ ነገር ጻፈለት። ከመስከረም ወዲህ ሰማንያ ስለው ዝም ብሎ ይቀበለኛል። ለመደን ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ለማያውቅ ላስረዳ። እነዚያ ማሽኖች በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰማንያ በፊት ያለውን ዓመት አያውቁም። የእኛ ዘመን ሰባ ዘጠኝ እያለ ይህ ቀን የለም ብለው ይመልሱት ነበር። እንቁጣጣሽ አልፎ የእኛም ሰማንያ ሲሆን ቀናችን በር አገኘ። ነገር ግን በፈረንጁ ያኔ ሰማንያ ስምንት ነው። ሰይድ ሐሙስ የጨረሰው ሥራ ለማሽኑ ወደ ስምንት ዓመት የሆነው ነበር። ፕሮግራሙም የታዘዘውን አደረገ፤ አሮጌ ነው ብሎ ጣለው።

ወንድሜ አያና ድረስ የሄደው በዚህ ነው።

ሰይድ ፊቴን አየ። ብልህ ሰው ነው፤ ሁሉን ሳልነግረው ገባው። እጁን ከማሽኑ ላይ እሳት እንደነካ ሰው አነሣ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው?» አለኝ።

እውነቱን ልናገር። አዎ ልለው ነበር። ከአርብ ጀምሮ አንድ ሰው ስፈልግ ነበር። ሹፌሩ ቆስሎ ተኝቷል፣ ዳገቱን አልረግመውም፣ እግዚአብሔርን ፈራሁ። አሁን ፊት ለፊቴ ሰው ተቀምጦ ጥፋቱ የእኔ ነው ወይ እያለ ይጠይቀኛል። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ወረቀቱን አየሁት።

ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ለየከተማው የላክሁት መመሪያ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ «ማሽኑ ሲጠይቅህ የዛሬውን ቀን ጻፍ» ይላል። የማን አቆጣጠር እንደሆነ አይልም። ነቀምቴ ቀን መቁጠሪያው ግድግዳ ላይ ስላለ ትዝ አላለኝም። ጊምቢ ያለው ሠራተኛ ከፈረንጆች ጋር ስለሠራ በራሱ አወቀ። ሰይድ ግን የተጻፈለትን ነው ያደረገው።

«አይደለም» አልኩት። «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ሁለተኛውን መስመር አነበበ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ፍቃዱም እዚሁ አገር ተወልዶ አላሰበውም» አለ በመጨረሻ። «ሦስታችንም ነን። አሁን ለቅሶ ነው ወይስ ሥራ?»

«ሥራ።»

«እንግዲያ ንገረኝ፣ ምን ልያዝልህ?»

ቀኑን ቀይሬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ፈራሁ። ስህተት በወረቀት የጀመርኩ ሰው ነኝ፤ በችኮላ ሌላ ስህተት ልጨምር አልፈለግሁም። መዝገቦቹን ከመደርደሪያ አወረድን። ሰይድ የየመንደሩን ቁጥር ከመዝገብ ያነባል፣ እኔ ስክሪኑ ላይ አያለሁ። መንደር ሰባት ሲደርስ ድምፁ ወረደ። ያነበባቸው ቁጥሮች ጎረቤቶቹ ናቸው። ሁሉም ልክ ሆነ። ማሽኑን አጥፍቼ በትክክለኛው ቀን አስነሣሁት፤ ድርሻውን ወደ አዲስ ዲስክ ገለበጥኩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዳዶ አራቱንም ድርሻ ተቀብሎ ማዋሃድ ጀመረ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ማሽኑ በየሩብ ሰዓቱ የደረሰበትን ዲስክ ላይ ይጽፋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሰይድ የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ በለሆሳስ ይል ጀመር። እኔ ስክሪኑን ሳይ የራሴን ፊት አየሁበት፤ የፍቃዱን ይመስላል። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መብራቱ መጣ። ማሽኑ ቀኑን ጠየቀኝ። ቀስ ብዬ መለስኩለት። ካቆመበት ቀጠለ። ሊመሽ ሲል ማተሚያው መንጫጫት ጀመረ፤ ወረቀቱን ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አነበብን። መንደር ሰባት ሦስተኛ ነው። ማዶ ያሉት መንደሮች ሁሉ ገብተዋል። ኡኬ የለችም። መድኃኒቱ ሳይደርሳት ያልቃል።

ሰይድ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። እኔ ግን የእትዬ ብርቄን ልጆች አሰብኩ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ነክታችሁ የማታውቁ ትኖራላችሁ፤ ምንም አይደለም። እኔ የምላችሁ ስለ ማሽን አይደለም። ያን እሑድ ጠዋት ጥፋተኛ እየፈለግሁ ነበር፤ ባገኝ ዕረፍት የማገኝ መስሎኝ ነበር። ሳገኝ ራሴን አገኘሁ። ዕረፍት አላገኘሁም። ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው፤ እንዴት ልበለው፣ ሥራዬን አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ መመሪያ ስጽፍ ለማላውቀው፣ በሩቅ ላለ፣ የምጽፈውን ብቻ ለሚያምን ሰው እንደምጽፍ አልረሳም። ጽፌ ስጨርስ ምንም ለማያውቅ ሰው ሰጥቼ ፊቴ አስነብባለሁ። የቢሮው ሰዎች አበዛኸው ይሉኛል። ይበሉ። ስለ ፍቃዱ ሳስብ አሁንም በዚያች በሁለተኛዋ መስመር ላይ አንድ ቃል እጨምራለሁ፤ ሌሊት አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ስሄድ። ኀዘኔ ይህን ይመስላል። የእናንተም ሌላ ይመስል ይሆናል። የተሳሳታችሁትን ስታገኙ ግን አትሽሹት። ከሥሩ ገና ሊሠራ የሚችል ነገር ሊኖር ይችላል።

አሁን የሰኞን ጠዋት ነግሬያችሁ አበቃለሁ።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መኪኖቹ ሞተራቸው ተነሥቶ ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ኦቦ ኢተፋ ዝርዝሩን ሁለቴ አነበበው። ኡኬ የት አለች አለኝ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ ስለ ወረቀቴም ሳይቀር። መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። በዚህ ዘመን ከዝርዝር ውስጥ ከተማ መጉደሉ ቀላል ነገር አይደለም፤ ነገ አንዱ ተነሥቶ አሻጥር ነው ቢል ማን ይመልሳል? ከሥር «ያዘጋጀው» የሚል ባዶ መስመር አለ። ኦቦ ኢተፋ ብዕሩን ሰጠኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የወንድምህን ስም ጻፍ። ሥራው የእሱ ነው፤ እውነት ነው። ሙት ደግሞ አይጠየቅም።»

«ለዚያ ነው የማልጽፈው፣ ኦቦ» አልኩት። «ስህተት ቢገኝበት የሚመልስ ሰው መኖር አለበት።»

ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ኦቦ ኢተፋ ማኅተሙን እፍ ብሎበት ከስሜ አጠገብ መታው። ሰይድ ከፊተኛው መኪና ሹፌር አጠገብ ገባ፤ የመንደሮቹን መንገድ የሚያሳይ እሱ ነው። መኪኖቹ ወጡ።

ወደ ለቅሶው ቤት ተመለስኩ። ከቤተ ክርስቲያን ገና አልተመለሱም፤ እትዬ ብርቄ ብቻ ልጆቿን ይዛ ድንኳኑ ሥር ቀርታለች። ከትናንት ጀምሮ አላነጋገረችኝም። ፊቷ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ በዚህ ዙር ኡኬ አትረጭም» አልኳት። «ያስወጣኋት እኔ ነኝ። የፈረምኩትም እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። እስክትመልስልኝ አልጠበቅሁም። ገብቼ የፍቃዱን አልጋ አንጥፌ፣ ሁለቱን ልጆቿን በእጄ ይዤ አስገባኋቸው፤ ክረምቱ እስኪወጣ ወባ በሌለበት፣ እዚህ ነው የምትተኙት አልኳቸው።